አትሌቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል

ለተከበሩ የጦሳ ጮራ አትሌቲክስ ክለብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ

አላህ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ፤ መግለጫ የሚጽፉበትን እጅዎንም ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ሰላምታዬ ከሐይቅ ከተማ ይድረስዎ። ባሕር ማዶ ለማራቶን የላካችሁት የሙአዊያ ሰዓድ ታላቅ እህት ነኝ፤ የምጽፈውም ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ወንድሜ እየሮጠ ወድቆ ሕይወቱ ማለፉን እሁድ ከሰዓት በሬዲዮ የተናገረው የስፖርት ጋዜጠኛው ምስጋናው ነበር። ጎረቤታችን ለተብርሃን ከደሴ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰምታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ገባች። እናቴ አሪፋ ገና መጮህ ስትጀምር የእርስዎ መግለጫ ስልኬ ላይ ደረሰ፦ «ክለቡ በይፋ ሳይገልጽ የሚነገር ሁሉ ሐሰት ነው፤ አትሌት ሙአዊያ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።» ለማርዳት ቢቀደሙም ለማስተባበል የቀደመዎ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጡን ደስታ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ከወደቀችበት ተነሳች፤ ለተብርሃንንም «ልጄን በቁሙ ገደልሽብኝ» ብላ ከቤት አስወጣቻት። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። በማግስቱ እንዲያው ልቤ ቢጠረጥር ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ጸሐፊዎ «እህቴ፣ መግለጫውን አላነበብሽም እንዴ?» አለችኝ። አንብቤው ነበርና አፍሬ ዘጋሁት።

ሦስተኛው ሳጥኑ ነው። ሐሙስ የወንድሜን አስከሬን ይዞ ብቻውን መጣ፤ ከክለብዎ አንድም ሰው አልተከተለውም። ቀድማ የደረሰችው ያባረርናት ለተብርሃን ነበረች። እናቴ ፊቱን እንድታይ ብንለምናት እምቢ አለች፤ ራቅ ብላ ቆማ «የማን ልጅ ይሆን? አላህ ይዘንለት፤ ለእናቱም ሶብሩን ይስጣት» ብላ ዱዓ አደረገችለት። ከቀብር ስንመለስ የሙአዊያን እራት ከድና አቆየችለት።

መግለጫዎን እስከ ዛሬ ስላላነሱት ውለታዎ ብዙ ነው። እናቴ ከመግሪብ በኋላ አንብቢልኝ ትለኛለች፤ አነብላታለሁ። በሩንም እንዳልዘጋ ትከለክለኛለች። ከሐይቁ በኩል የሩጫ ኮቴ የሚሰማ ሲመስለኝ፣ በእጄ አፈር ያለበስኩት እኔም ብድግ እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእርስዎ መግለጫ መሠረት በሕይወት ያለው የሙአዊያ እህት፣
ሉብና ሰዓድ፣ ሐይቅ

ማስታወሻ፦ በወንድሜ ስም ለሚካሄደው የመታሰቢያ ሩጫ የላኩልን ጥሪ ደርሶናል። ለእናቴ ብነግራት «እሱ ራሱ ይሮጣል?» አለችኝ። እባክዎ መልሱን እርስዎ በይፋ ይንገሯት፤ ከእርስዎ በቀር የምታምነው ሰው የለም።