የግድቡ ጥበቃና የአባዬ መነጽር

አባዬ፣ ካረፍክ ዓመት ከአሥር ቀን ሆነህ። እኔ ግን ዛሬም ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ሳልህን እጠብቃለሁ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። እማዬ መኝታ ቤቱ ሰፋብኝ ብላ አልጋዋን ሳሎን አውጥታለች። ሳሚ ለሙት ዓመትህ ከደወሌ መጥቶ ሰነበተ። ልብስህን ለነዳያን ልንሰጥ ቁም ሳጥኑን ስንከፍት፣ የጦር ሜዳ መነጽርህ ማኅደር ባዶውን ተገኘ። ጥላዋን እንኳ አታምንም ትለኝ አልነበር? እውነትህን ነው፤ ወንድሜ ሳሚ ገላውን ሲታጠብ ሻንጣውን በረበርኩ። እሱ ጋ ሳጣው ሐሳቤ ሁሉ በግድቡ ጥበቃ፣ አደን በሚባለው ላይ አረፈ።

መነጽር የያዘ ሰው ያለ ፈቃድ ደብዳቤ አይገባም እያለ በየዓመቱ ማኅተም የሚያስመታህ ሰውዬ ነው። አብሬህ ስመጣም ዓይኑ አያምረኝም ነበር። በጥር ብርድ ጉሙ ውሃውን ሲሸፍነው አንተ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ዳክዬዎቹን በድምፃቸው ትለያለህ። እሱ ከኋላችን ቆሞ፣ ወፍ ለማየት ብሎ በዚህ ብርድ ማን ይወጣል፣ ሌላ ነገር ቢኖር ነው ይላል። አንተ ስቀህ መነጽሩን ታውሰዋለህ። እኔ ደግሞ ቋምጦበታል እል ነበር በልቤ።

ቅዳሜ ማለዳ ለእማዬ ሳልነግር ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ጭጋጉ ከካራማራ ወርዶ መንገዱ አይታይም። የግድቡ በር ጋ ስደርስ አደን በመነጽርህ ውሃውን ያያል። ያዝኩህ አልኩ። የማን ነው ብዬ ጮህኩበት።

አልደነገጠም። የመአሊን ነው፣ የመምህሩ፣ አለኝ። አምና ደብዳቤው ጊዜው ስላለፈ አሳድሶ እስኪመጣ መነጽሩን በሩ ላይ አስቀረሁበት፤ ከዚያ ወዲህ ተቀይሞኝ ቀረ፣ ሽማግሌ ልልክበት ነበር፣ እንዲህ ያለ ኩራት ከእሱ አልጠበቅኩም አለ።

ያን ቀን ስለ መነጽሩ ሳትነግረን ገብተህ ተኛህ፤ በሦስተኛው ቀን አጣንህ። በሽንሌና በአይሻ ላስተማርካቸው ሁሉ ደወልን። በየሳምንቱ የሚያገኝህ ሰው ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እሱ ኩሩ ሲልህ ዓመቱ አለቀ፤ እኔም ሌባ ብዬ መጣሁበት። አፈርኩ አባዬ።

መርዶውን እዚያው ቆሜ ነገርኩት። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኢና ሊላሂ አለ። ከዚያ ተቆጣኝ፤ አፈር እንኳ ሳላለብሰው እንዴት ትቀብሩታላችሁ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ አደን ነው የምላቸው። ትናንት ከሥራ ሲወጡ መቃብርህ ወሰድኳቸው። ራስጌህ ቆመው በሶማሊኛ ብዙ አወሩህ። ቋንቋውን እንደምሰማ ታውቃለህ፤ ግን ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ምን እንዳሉህም አልጠየቅኩም። አልረሳህም አባዬ። በየዓመቱ ጥር ላይ እንመጣለን፤ ሁለታችንም።