የጫልቱ ከብቶች

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ወንጌል ለመመስከር ከሲኤምሲ ጀርባ ወደ ቀሩት የገበሬ ቤቶች ሄድኩ። የሄድኩት ለልጅነት ጓደኛዬ ለጫልቱ ስል ነው። ለወጣቶቹ ሁለት ጊዜ በሯን አልከፈተችላቸውም። ዛሬም አንዱ ገና ከደጅ ሆኖ፣ «እማማ፣ ጌታን ተቀብለዋል?» አላት።

«ሰላምታውን የት ጥላችሁት መጣችሁ?» አለች ከውስጥ።

እውነቷን ነው። በልጅነቴ የሚስዮን መምህራችን በገብሱ ማሳ መሀል ወደዚህ መንደር ስታመጣን፣ ስለ ልጆቹም ስለ ከብቶቹም ሳንጠይቅ የእግዚአብሔርን ስም እንድናነሣ አትፈቅድም ነበር። የኦሮምኛውን ሰላምታ ያስጠናችኝ እኩያዬ ጫልቱ ነበረች።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ጫልቱ፣ ሎን ነጋ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

ወዲያው አፈርኩ። ማሳው ቪላ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ከብት ከየት ይመጣል?

በሩ ተከፈተ። ስቃ ስቃ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ደህና ናቸው» አለችኝ። «ከአንቺ በቀር የጠየቃቸው የለም።»

ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ሲጠብቁ፣ እኛ የላሞቹን ስም ስናስታውስ መሸ። ቡሬ፣ ዳለቲ… የነጭዋን ስም ግን ሁለታችንም አጣነው። እስካሁን አልመጣልኝም።