ቡሬ ላይ ለአባባ ያስተረጎምሽበት ቀን

ለውድ እኅቴ ለአምለሰት፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ እንዳለውስ፣ ልጆቹስ እንደምን አሉ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ሁሉ ቀልቷል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ስጡን እያገላበጥን ስናስነጥስና ስንስቅ የዋልነው ትዝ ይለኛል።

በስልክ መናገሩ ቢከብደኝ ነው የጻፍሁልሽ። ፍኖተ ሰላም የአስተርጓሚነት ሥልጠና ከገባሁ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። እንደ አባባና እንደ እማ ያሉ አማርኛ የማይሰሙ አገውኛ ተናጋሪዎች ሐኪም ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሲመጡ በመሐል ሆኖ ማነጋገር ነው ትምህርቱ። አሠልጣኛችን አቶ ወልደ ገብርኤል «አትጨምሩ፣ አትቀንሱ» ይሉናል። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ሐኪም ቤት ተላክሁ። አንዲት እናት መጡ፤ ስማቸውን አልነግርሽም፣ ሙያው አይፈቅድም። ሐኪሙ ሕመማቸው እንደማይድን ገልጦልኝ «ንገሪያቸው» አለኝ። አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽብኝ፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ቡሬ ሐኪም ቤት እያስተረጎምሽ ለአባባ «ይሻልዎታል ብሏል» ስትያቸው። ሐኪሙ ያለው ሌላ እንደነበር ከቀብራቸው በኋላ ውኃ ስንቀዳ ነግረሽኛል። እስከ ዛሬ «አባቴን ዋሸሁ» እያልሽ እንደምትብሰለሰዪም አውቃለሁ።

ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኋቸው። እርሳቸውም «እንግዲያ መተማ ያለችውን ልጄን ጥሩልኝ» አሉ፤ እጄንም ሳሙኝ። ወጥቼ አለቀስሁ። አቶ ወልደ ገብርኤል ለምን እንደማለቅስ፣ የአንቺንም የቡሬውን ነገር ሲሰሙ «ለሕፃን እንዲህ ያለ ሸክም አይሰጥም፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ ቤት ገብቼ ለእማ ሁሉንም አወራኋቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? «አባትሽ ያን ቀን የእኅትሽን ፊት አይቶ ገብቶት ነበር። ማወቄን አትንገሪያት፣ ልጅቱ ትደነግጣለች ብሎ አስምሎኛል።» ለካ አባባ ከቡሬ ስትመለሱ በየጥላው እያሳረፉ፣ የየማሳውን ባለቤት ስም እየጠሩልሽ ቀኑን ሙሉ ያዘገሙት ደክሟቸው ብቻ አልነበረም። አንቺም ያን መንገድ እስከ ዛሬ ትናፍቂዋለሽ።

እታለም፣ አባባ አልተታለሉም። እንግዲህ ከልብሽ ይውጣልሽ።

ወንድማችን ገነነ እጅ ነስቷል፤ አጎታችን ዘሩም ልጆቹን ሳሚልኝ ይሉሻል። ለእንዳለው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማ ጉንጭሽን ደጋግመው ስመዋል፤ የቀረውን በራሳቸው አንደበት ሊነግሩሽ ስልክሽን ይጠብቃሉ። ለዚህስ እኔ አላስተረጉምም።

ታናሽ እኅትሽ መታሰቢያ
ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.