በቅንፍ ውስጥ ያሉት ስሞች

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3፣ 1956

ዝናብ። ሦስት ተማሪዎች መጡ፤ አንዳቸውም አልተለማመዱም። የሆሊስ ልጅ ጣቶቿ ፒያኖው ላይ ሳይሆን አፍንጫዋ ውስጥ ናቸው።

ከሰዓት ጓደኛዬ ለሙኤል ቤት ሄድኩ። ዓይኑ ባያይም በሩ ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። ሬድዮ ነግሮታል፦ ኮርዴሊያ ራይስ የታወቁ የድሮ ዘፈኖችን ሰብስባ አልበም ልታወጣ ነው። አስራ ሁለት ዘፈን። አራተኛው የኛው ነው፣ "ኮትህ እዚህ ቀርቷል"።

"ሰማህ? ኮርዴሊያ ራሷ!" እጄን ጨምቆ ሊሰብረው። "ስማችን ከርዕሱ ስር፣ በቅንፍ ውስጥ! ታነብልኛለህ፣ አይደል?"

"አነብልሃለሁ" አልኩት። እንደ ሁልጊዜው።

አርብ፣ ኦክቶበር 5

ልጻፈው። ይህን ደብተር ማን ያየዋል?

1934። ዜማው የኔ፣ ግጥሙ የለሙኤል። እናቱ ሞታ ሊቀብራት ሳቫና ሄደ። በዚያው ሳምንት ሃርላን ቦይድ ዘፈኑን ከባንዱ ጋር በሬድዮ ልጫወተው አለ። የዚያን ጊዜ ልማድ ነው... የባንድ መሪው ዘፈንህን ከተጫወተልህ ስሙን ከስምህ ጋር ያስገባል። እምቢ ካልክ ዘፈንህ ኪስህ ውስጥ ይሞታል። የውሉ ወረቀት ላይ ደግሞ ለስም የነበረው ሁለት መስመር ብቻ። "ለጊዜው ነው፣ ጓደኛህ ሲመለስ እናስተካክላለን" አለኝ ቦይድ። "ግጥም፦ ሃርላን ቦይድ" ተብሎ ሲጻፍ እያየሁ ፈረምኩ።

ለሙኤል ጥቁር ክራባቱን እንዳሰረ ተመለሰ። ሐዘንተኛ ነው፣ ዛሬ አይነገረውም አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው... ከዚያ ባንዱ ፈረሰ፣ ዘፈኑም ተረሳ። ዘፋኞች አስታውሰው በሸክላ ማውጣት ሲጀምሩ ለሙኤልን ስኳር በሽታ ዓይኑን ወስዶት ነበር። "ስማችንን አንብብልኝ" አለኝ። ሸክላው "ታል፣ ቦይድ" ይላል። እኔ በቦይድ ፋንታ የሱን ስም አስገብቼ "ታል፣ ፌነር" ብዬ አነበብኩለት።

ሰባት ዓመት እንዲሁ። ከዘፈኑ ከሚደርሰኝ ግማሹን "ድርሻህ" እያልኩ እሰጠዋለሁ። እና? ስሙን ይመልስለታል? አምብሮዝ ታል፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ጉድ ፈላ። እህቱ ኦዴሳ ጠቅልላ ልትመጣ ነው። እግሩ ቆስሏል፤ ሐኪሙ ብቻውን አይሁን ብሏል። ኦዴሳ አስተማሪ ናት፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር የምታነብ ሴት።

ለሙኤል ይስቃል። "ከእንግዲህ እሷ ታነብልኛለች። ተገላገልክ፣ ወንድሜ!"

አብሬው ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9

አሳታሚው ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ለሚስተር ክራንዝ ነገርኩት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ተኝተህ ዛሬ ነቃህ?" አለኝ።

"ቦይድ አንዲት ቃል አልጻፈም፣ ጌታዬ።"

"ቦይድ ሞቷል። መብቱ ሚስቱ እጅ ነው።" እዚያው ደወለላት። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል፦ "ሃርላን ያንን ዘፈን ለኔ ነው የጻፈው! በሠርጋችን ቀን በአፉ ነግሮኛል!" ታለቅሳለች። ምስኪን፣ ለካ እሷንም ዋሽቷታል።

ክራንዝ ስልኩን ዘጋ። "የባሏን ስም አልነካም። ሦስተኛ ስም ልጨምር ብትልም የሷ ፊርማ ያስፈልጋል። የራስህን ቦታ ግን ለፈለግከው ስጥ። ሐሙስ ግን የአልበሙ ሽፋን ማተሚያ ቤት ይገባል።"

የራሴን ቦታ...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

የራሴን ቦታ ለለሙኤል ሰጥቼ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ "እርግጠኛ ነዎት?" ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ የሰው ጆሮ የገባች አንዲት ዜማ ብትኖረኝ እሷ ነበረች። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ! አንዲት ሴትዮ መንገድ የጠፋብኝ መስሏት "ወዴት ነዎት?" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 27

ኦዴሳ ገባች። ለሙኤል ትራስ ስር የደበቀውን የስኳር ድንች ኬክ አውጥታ ጣለችበት። "ልታስታምመኝ ሳይሆን ልትቀብረኝ ነው የመጣችው!" ይላል። እግሩ ግን ጠቁሯል።

እሁድ፣ ኖቬምበር 11

አልበሙ ወጣ። ኦዴሳ ገዝታ ጠበቀችኝ። ኮርዴሊያ ቀስ ብላ ነው የዘፈነችው... "ኮትህ እዚህ ቀርቷል፣ ብርዱን እንዴት ቻልከው..." የለሙኤል ከንፈር አብሯት ይንቀሳቀሳል።

ሲያልቅ "አንብቢልኝ" አላት።

መነጽሯን አደረገች። "ፌነር፣ ቦይድ።"

"ድገሚው።"

"ፌነር፣ ቦይድ።"

"ታልስ?"

"ታል የሚል የለም።"

የራሱን ስም ሲሰማ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እኔ ሞኙ! የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ በዚያ በቆሰለ እግሩ ብድግ አለ።

"ሌቦች! የአምብሮዝን ዜማ ለቦይድ? ስሙን እንኳ በቅጡ ለማይጽፍ? ጫማዬን አምጪ! ነገ አሳታሚው ቢሮ ተሸክማችሁም ቢሆን ትወስዱኛላችሁ!" ወደኔ ዞረ። "አንተስ ምን ዝም አሰኘህ? የኔ ስም ቢሆን የተፋቀው ዝም ትል ነበር?"

ኦዴሳ ታየኛለች። አማራጭ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ደክሞኛል።

"ዝም ብያለሁ፣ ለሙኤል" አልኩት። "ሃያ ሁለት ዓመት።"

ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን፣ ያነበብኩለትን ውሸት፣ የሐሙሱን ፊርማ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"እና አሁን" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዜማህ በማን ስም ነው ያለው? በኔና በቦይድ። ሳልጠየቅ እኔንም ከሱ ጋር ሌባ አደረግከኝ።"

"ልክስህ ብዬ ነው..."

"ልትክሰኝ ከፈለግክ ትነግረኝ ነበር። ሂድ፣ አምብሮዝ።"

ኦዴሳ በሩን ከፈተችልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ ከሰዓት የሱ ቤት ነበርኩ። የሚመጣው እሁድ የት ነው የምሄደው?