ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ልቦለድ

የካቲት 3

ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ። ሙቀት። ግማሹ ክፍል ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል።

ያው አሮጌ ልቦለድ። ስንት ዓመት አስተማርኩት? ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አጥር ይጣላሉ። ታናሹ ጥሎ ይሄዳል። ሸምግሎ ተመልሶ የታላቁን በር ያንኳኳል፤ በሩ ሳይከፈት መጽሐፉ ያልቃል። ጭብጡ እልህ፣ ናፍቆት፣ የረፈደ ይቅርታ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፣ ገለበጡት።

ምን ተሰማችሁ አልኳቸው። ከኋላ አንዷ ፈተና ላይ ይወጣ እንደሆነ ጠየቀች። ይወጣል አልኳት። አሰመረችበት... ናፍቆት ከሚለው ቃል ስር፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጋ።

ክፍላችን ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቶቹ ወደ መንገድ። ከማዶ ክሊኒኩ፣ እህቴ ነርስ ሆና የምትሠራበት። መጋረጃዋ ተከፍቶ ነበር። አላየሁም። ማለቴ፣ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

የካቲት 5

ልጆቹን ሥዕል ላሠራቸው አሰብኩ። ማለትም ጭብጡን ይሳሉት። ታሪኩን አይደለም፣ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ነገር።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። መጋዘን ውስጥ ቀለም ሞልቷል፣ ወረቀት ግን የለም። "ቀለሙን ያለ ወረቀት ምን ልታደርጊው ነው፣ ልትጠጪው?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ለክፍሉ ነገርኳቸው። ጠበቃው ተነሣ። ይህ ልጅ ሳይከራከር ውሃ አይጠጣም፣ ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። መስኮቶቹስ፣ አለ። ጥያቄው ክርክር እስኪሆን ጠበቅሁ። አልሆነም። እውነቱን ነበር።

የካቲት 6

ተፈቀደ። ከፈተናው በፊት ታጥቦ እንዲጸዳ። ቀለሙ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ከተጨመረ በቀላሉ ይለቃል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት የነገረችን።

ለየቡድኑ አንድ መስኮት። መስታወቱ ላይ አንድም ፊደል እንዳይጻፍ ከለከልኩ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ መጽሐፉ፣ ከልጅነታቸው እስከ ተዘጋው በር።

የካቲት 9

እልህ እንዴት ይሳላል?

ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁበት። አንዱ ጡጫ አለ። ሌላው ድንጋይ አለ። ጠበቃው ሁለቱንም ጣለባቸው፤ ጡጫ ቁጣ ነው፣ ቁጣ ያልፋል፣ እልህ ግን ተመችቶት ይቀመጣል፣ አለ። ከየት አመጣው? እቤቱ ማን አኩርፎበት ይሆን?

በመጨረሻ ዝናብ ሳሉ። ሁለት ሰዎች ጀርባና ጀርባ፣ ሁለት ጃንጥላ። ሁለቱም ጃንጥላውን ወደ ኋላ አዘንብለውታል፣ ሌላው እንዳይበሰብስ። የሁለቱም ፊት እየረጠበ ነው። አንዱም አይዞርም።

ቆሜ አየሁት። ጥሩ ነው፣ አልኩ። ጥሩ ነው ምን ማለት ነው?

የካቲት 11

ናፍቆትን ዝምተኛዋ ወሰደችው፣ ብቻዋን። ያቺ ፈተና ላይ ይወጣል ወይ ያለችኝ ልጅ። እስከዚያ ቀን ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

መስታወቱን በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ ቀባችው። መሐል ላይ ወንበር። ወንበሩ ላይ ሰው... ሰውየውን ግን አልቀባችውም። ቅርጹን ባዶ ተወችው። በባዶው ውስጥ መንገዱ ይታያል። ብስክሌት በሰውየው ደረት ውስጥ ያልፋል። ደመና በጭንቅላቱ። አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ በትከሻው ገብታ በክንዱ ወጣች።

ልጆቹ ትምህርቱን ትተው ማን እንደሚያልፍበት ሲጠብቁ ዋሉ። እኔም።

የካቲት 13

ክፍሉ ባሕር ውስጥ የገባ ይመስላል። ፊታቸው ላይ አረንጓዴ፣ እጃቸው ላይ ቢጫ። ሳነብላቸው ድምፄ እንኳ ቀለም ያለው መሰለኝ።

የካቲት 16

ሻይ ቤት። የፊዚክስ አስተማሪው ስኳሩን እያማሰለ፣ "እህትሽም ተዛወረች አሉ፣ ወር ሲያልቅ ትሄዳለች አይደል?" አለኝ።

አዎ፣ አልኩት። እንዳወቀ ሰው። ሻዩ አቃጠለኝ።

ስለዚህ ነገር እዚህ ጽፌ አላውቅም። ልጻፈው።

እማዬ ስትታመም እኔ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ነበርኩ። እህቴ አልደወለችልኝም። ስመለስ እማዬ ከተቀበረች ሰንብታለች። "አትንገሪያት፣ ሥራዋን ትጨርስ ብላኝ ነው" አለችኝ እህቴ። ያኔ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እየሠራን።

የእማዬን የመጨረሻ ቀናት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ምን አለች? ወዴት እያየች ነበር? ፈርታ ነበር? አንድም ቀን አልጠየቅሁም። እህቴ ጠቅልላ ስትሄድ ያ ሁሉ አብሯት ይሄዳል።

መጠየቅ እንዴት ነው የሚጀመረው?

የካቲት 17

አልሄድኩም።

የካቲት 18

ዛሬም።

በባዶው ሰውዬ ውስጥ የክሊኒኩ መስኮት ይታያል። ከጠረጴዛዬ፣ ቀና ካልኩ።

የካቲት 19

ዝምተኛዋ የደረቀ ቀለም በምላጭ ስትፍቅ ጣቷን ቆረጠች። ደሙ ብዙ ነበር። ጠበቃው መሐረቡን ጠቅልሎላት ወደ ማዶ ወሰዳት። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ክፍሉን ለማን ልተወው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሲመለሱ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጠበቃው ግን ተናዷል። ነርሷ ስታክማት ስለ ሥዕሉ ጠይቃቸዋለች። በየቀኑ በመስኮቷ ትከታተለው ነበር አሉ። መጀመሪያ ላይ በሩን ዘግቶበት የነበረው ሰው በኋላ ምን አራራው፣ ብላ።

"መጨረሻ ላይ ነው የሚዘጋው አልናት" አለ ጠበቃው። "አይደለም አለችን። እኔ ያየሁትን አውቃለሁ አለች። ቲቸር፣ መጽሐፉን አላነበበችም፣ ግን ድርቅ አለች።"

ድርቅ ማለቷን አልጠራጠርም። ከአንድ እናት ነን።

ከትምህርት በኋላ ወደ መንገድ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ።

ያው መስኮቶች። ያው ቀለም... ግን የተገለበጡ። እኛ ከውስጥ ሆነን ከግራ ወደ ቀኝ ቀባናቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራው ቀኝ ነው። እንዴት አንዳችንም አላሰብነውም?

ከመንገዱ ታሪኩ የሚጀምረው በተዘጋው በር ነው። አንድ ሽማግሌ በሩ ፊት ቆሟል። ቀጥሎ ወንበር ላይ ባዶው ሰውዬ። ቀጥሎ ዝናቡ፣ ሁለቱ ጃንጥላዎች። ቀጥሎ አጥሩ፣ ከዚያ የአጥሩ ድንጋይ ገና ክምር ሆኖ፣ ከዚያ አጥር የሌለበት ሜዳ። እያደር ወጣት ይሆናሉ። እያደር ይቀራረባሉ። መጨረሻው መስኮት ላይ ሁለት ሕፃናት በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝተዋል፣ አንዱ የአንዱን ጆሮ ይዞ።

ትኬት ቆራጩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሲጀምር ያሳዝናል፣ አጨራረሱ ግን ደስ ይላል፣ አለኝ።

ምን ልበለው? እኔም ደስ ይላል አልኩት። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ እኔ እዚያው።

የካቲት 20

ክፍሉን በሙሉ ወደ መንገድ አወጣኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ከበሩ ጀምረው እንደገና አነበቡት።

ጠበቃው ስህተት ነው፣ ይታጠብና በትክክለኛው ተራ ይሠራ አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ተቃወመ፤ ለመሆኑ ትክክለኛው ተራ ለማን ነው? እጅ አወጡ። ይቆይ ያሉት በዙ። ዝምተኛዋ በፋሻ የታሰረ እጇን አወጣች።

ደራሲው ቢያይ ይናደድብን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን መጽሐፍ አላውቅም ማለት እንዴት ያቀላል...

የካቲት 23

ሄድኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ ሰጪዋ ምንሽን ነው ያመመሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም ያላመመው ሰውም ቢሆን ተራ ይይዛል አለች፣ ቁጥር ሰጠችኝ። በሚያስሉ ሰዎችና በሚያለቅስ ሕፃን መሐል ተቀመጥኩ። ልነሣ አሰብኩ። ደጋግሜ አሰብኩ።

በሩ ተከፈተ። "ቀጣይ" አለች እህቴ፣ ከያዘችው ወረቀት ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና አለች። ከስታለች። መነጽር ጀምራለች፣ መቼ?

"አሞሽ ነው?"

"አላመመኝም።"

"ግቢ።"

ገባሁ። የመርፌና የሳሙና ሽታ። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። የኛ መስኮቶች ፊት ለፊት። ከሰዓቱ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ነበር።

"ያ ሳይቀባ የተተወው ሰውዬ አለ አይደል" አለች። "ፀሐይዋ ወደ ክፍላችሁ ስትገባ በሱ ውስጥ አይሻለሁ። ጎንበስ ብለሽ ስታርሚ። መጀመሪያ ቀን እዚያ የሳሉሽ መስሎኝ ነበር።"

እኔም በዚያው ሰውዬ ውስጥ መስኮቷን እንደማይ አልነገርኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ ክፍል ውስጥ እንደማዘጋጀው፣ መግቢያ ያለው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ልትደውይልኝ ይገባ ነበር።"

መነጽሯን አወለቀች። እንደ ድሮው እማዬ ነች አትንገሪ ያለችኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ዝግጁ ነበርኩ፣ ለዚያ መልስ ነበረኝ።

"ይገባ ነበር፣ እትዬ" አለች። "እሷን እሺ ስል አንቺን በደልኩ። ስልኩን አንስቼ የምመልሰው ስንት ጊዜ ነበር መሰለሽ።"

እትዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠራኝም። ሌላ ማን ይጠራኛል?

"ንገሪኝ" አልኳት።

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

"ሰው ውጭ እየጠበቀኝ ነው።"

"እጠብቃለሁ።"

ወጥቼ ከሚያለቅሰው ሕፃን አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው በሽተኛ እስኪወጣ።

የካቲት 24

የነገረችኝን ሳይደበዝዝ ልጻፈው።

እማዬ አልፈራችም። ወይም ፍርሃቷን ደብቃለች፣ እህቴ እርግጠኛ አይደለችም። የመጨረሻው ቀን አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ አለች። ጎረቤት ያለው ወንደላጤ ልብስ እያሰጣ ነበር። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ፣ በሁለት በሁለት መቆንጠጫ፣ ሁሉም ልዩ ልዩ ቀለም። እማዬ ጥንዱን ስትፈልግ ዋለች። ያ አረንጓዴው ጓደኛው ሞቶበታል ትላለች። ትስቅና ሳሉ ይይዛታል። ሳሉ ሲለቃት እንደገና ወደ ካልሲው።

ስለ እኔስ? አልኩ። ፈርቼ ነው የጠየቅሁት።

"ትልቋ ብታየው በቀይ እስክሪብቶ ታርመው ነበር" ብላለች። ከዚያ ተኛች። ሲመሽ መተንፈሷ ቀስ እያለ ሄደ፣ እህቴ እጇን ይዛ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። የክሊኒኩ ዘበኛ ሊዘጋ መጥቶ በሩ ላይ ሆኖ አየንና ቁልፉን እንደያዘ ተመለሰ።

ሦስት ዓመት እማዬን በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ እኔን ስትጠራ ነበር የማስባት። እሷ ለካ ካልሲ ስትቆጥር ነበር...

የካቲት 26

የእህቴን ዕቃ አብረን ጠቀለልን። ሰሃኖቹን በጋዜጣ ስጠቀልል አያምርም አለች። ራሷ ፈታ እንደገና ጠቀለለቻቸው። ተውኳት።

የካቲት 28

ጠዋት ሄደች። ከሰዓት ልጆቹ መስኮቶቹን አጠቡ። በግድግዳው ላይ ሰማያዊ ውሃ ወረደ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሙናው ሠራ አይደል እያለች በኩራት ዞረች።

ክፍሉ ነጭ ሆነ፣ ዓይን የሚያም ነጭ። ዝምተኛዋ ባልዲውን ይዛ ቆየች። በቤት ሥራዋ ላይ የጻፈችውን ማታ አነበብኩት፣ ሁለት ገጽ። ማስመሪያ የነካው መስመር የለበትም።

መጋቢት 7

እህቴ ደወለች። አዲሱ ቤቷ ውሃ በቀን አንዴ ብቻ ይመጣል፣ ትልቅ በርሜል ገዝታለች። በርሜሉ በበር አልገባ ብሎ ደጅ ቀርቷል። ሳትለኪ እንዴት ትገዢያለሽ አልኳት። አንቺ ሁሌ ከኋላ ነው የምታውቂው አለችኝ። እኔ ቢያንስ እለካለሁ አልኩ። በይ እንግዲህ የለካሽውን ይዘሽ ተቀመጪ አለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ውሃ ጥጄ ነበር፣ ሻይ ልጠጣ።

ውሃው ሳይፈላ መልሳ ደወለች።

"እና የበሩ ስፋት የሚለካው ከውስጥ ነው ከውጭ?"