በስሕተት ስለ ተመዘገበ የጊንጥ መድኃኒትና ሊታረስ ስለ ቀረበው ወንዝ ዳር

ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባህል መድኃኒት ጥናትና መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ሦስት ሽማግሌዎች የሰጡት ማስረጃ ውሸት ስለሆነ መዝገቡ እንዲታረምና እውነተኛው ተክል ሳይታረስ እንዲደረስለት ስለ ማመልከት

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፤

እኔ አመልካች አይናዲስ ማሩ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ከዚህ በታች ስማቸው የሚጠቀሰው ሦስት አረጋውያን ተማሪዎቼ ናቸው። የምናገረው በአክብሮት ነው፤ አንደኛው አያቴ ስለሆኑ ሌላ ምርጫም የለኝም።

1. ባለፈው ጥር የመሥሪያ ቤትዎ የፋርማሲ ባለሙያ ጓድ ስንታየሁ ወደ ቀበሌያችን መጥተው፣ በጊንጥ መድኃኒት የታወቁትን አያቴን አባባ ዘሩን፣ አያ አዛናውንና እማማ አሰበችን ለየብቻ አስጠሩ። እያንዳንዳቸው ቅጠላቸውን እንዲያመጡ ተጠየቁ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቅጠል አመጡ። ጓድ ስንታየሁ በጣም ተደስተው፣ ሦስት ሰው ሳይመካከር አንድ ተክል ካመለከተ ያ ተክል ሊመረመር ይገባዋል አሉ። እኔ ጽሑፌ ስለሚያምር ጸሐፊ ነበርሁ፤ ያሉትን ጻፍሁ።

2. ቅጠሉ ጭጎጎት ነው። ጭጎጎት ልብስና የፍየል ጭራ ላይ ከመለጠፍ በቀር በእኛ ዘንድ የታወቀ ሥራ የለውም። ሳይመካከሩ መሆኑ እውነት ነው፤ ሦስቱ ከተነጋገሩ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየተራ ሲመጡ የሚያሳዩት ቅጠል አለመያዛቸው ትዝ ያላቸው የቀበሌው በር ላይ ሲደርሱ ሲሆን፣ በሩ ላይ ያለው ደግሞ ጭጎጎት ነው። የአያቴ ጀላብያ ከጉልበታቸው በታች በጭጎጎት ተሸፍኖ ነበር። ጓድ ስንታየሁ ከሩቅ አገር ለቅመው የመጡ መስሏቸው ለድካማቸው ሻይ አዘዙላቸው። አያቴም ሻዩን ጠጡ።

3. ይህን ያደረጉት በተንኮል አይደለም። በአገራችን ባለመድኃኒት ሲጠየቅ ሌላ ቅጠል ያሳያል፤ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል፣ አይሠራም ይባላልና። የሚነገረው ለአንድ ልጅ ብቻ፣ ያውም ሞት አፋፍ ላይ ነው። ጓድ ስንታየሁ “መድኃኒቱ ከሠራ በሕዝብ ስም ይመዘገባል፤ ማንም አይሰርቃችሁም” ብለው አስረድተዋል። አያቴ ግን ቤት ገብተው “ይኸ ሕዝብ የሚሉት የማን ልጅ ነው? አባቱን ለማላውቀው ሰው መድኃኒት አላሳይም!” አሉ። ይህ ንግግር ከዕድሜ የመጣ እንጂ ፀረ አብዮት አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

4. በመጋቢት “ተክሉ በጥብቅ ይጠበቅ” የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ጭጎጎቱ በእሾህ ታጥሮ ዘበኛ ተመደበለት። የተመደቡት አያ አዛናው ናቸው። ምንሽራቸውን ታጥቀው ከጧት እስከ ማታ ራሳቸው የዋሹበትን አረም ይጠብቃሉ። ባለፈው ሳምንት የእማማ አሰበችን ፍየል “የመንግሥት መድኃኒት ልትበላ!” ብለው አባረሩ። እማማ አሰበችም አረም መሆኑን ልቅም አድርገው እያወቁ “የኔ ፍየል ጨዋ ናት፤ መድኃኒት አትነካም” ብለው በአላፊ አግዳሚው በኩል መለሱላቸው።

5. ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አቤት አልልም፤ ለእኔ መዝናኛ ነበር። ነገር ግን ሦስቱም ስለ ወንዙ ዳር ሲጠየቁ “እዚያ ምን አለ፣ እባብ ነው እንጂ” ስላሉ፣ በመዝገቡ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ተክል የለበትም ተብሎ ተጻፈ። በዚሁ መሠረት ቦታው ለሰሊጥ እርሻ ተሰጥቷል። ትራክተሩ ግንቦት 28 ይገባል። እውነተኛው ተክል ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልጠየቅ እችላለሁ። ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሰኞ ማለዳ አያቴ ሰው ሳያናግሩ ይመጣሉ፤ ረቡዕ አያ አዛናው፤ ዓርብ እማማ አሰበች። ሦስቱም ግራ ቀኛቸውን አይተው ከዚያው ከአንድ ቁጥቋጦ ይቆርጣሉ። እኔ እንስራዬን ይዤ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ፤ ልጃገረድ ስለሆንሁ ከሰው አልቆጠሩኝም። እያንዳንዳቸው ምሥጢሩን ለብቻዬ ያዝሁት ብለው፣ የቀሩት ሁለቱ አታላዮች ይመስሏቸዋል። የስምንት ዓመቱም ኩርፊያ ይኸው ነው። ስለዚህ ጓድ ስንታየሁ ስለ ሦስት ሰው ያሉት ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ተክሉ ብቻ ነው።

6. ባለፈው ጥቅምት ሰጠኝ የሚባል ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነዶ ሲያነሣ ጊንጥ ነደፈው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጎንደር ሄዶ ነበር። ሰጠኝ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ “እናቴን ጥሩልኝ” ይላል፣ እናቱ ያለችው ዓባይ ማዶ። እኔ እግሩን ያዝሁ፤ አያቴ ቅጠሉን ወቅጠው አሰሩለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጸጥ አለ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ አጨዳው ተመለሰ። ያዳነው ቅጠሉ ይሁን ዕድሉ አላውቅም፤ ይህን ለማወቅ የተቋቋመው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ከታረሰ ግን የሚመረመር ነገር አይኖርም፤ መኸር ሲደርስ ደግሞ ሠራተኛው እንደ ሰጠኝ ባዶ እግሩን በሺህ እየሆነ ይወርዳል።

ስለዚህ ትራክተሩ ወንዙ ዳር እንዳይገባ ከግንቦት 28 በፊት በቴሌግራም እንዲታዘዝልኝ፣ ጭጎጎቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝና አያ አዛናው ከዘብ ጥበቃ እንዲያርፉ፣ ሽማግሌዎቹም በውሸታቸው እንዳይከሰሱ እለምናለሁ። ምርመራው ፍሬ ካፈራ በመዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሦስቱ ስም ከነአባታቸው፣ ከዚያ በኋላ ሕዝብ እንዲጻፍልኝ። የእውነተኛውን ተክል ቅርንጫፍ በታሸገ ፖስታ አያይዣለሁ፤ ስሙን ግን አልጻፍሁም፤ እሱን የሚናገሩት ባለቤቶቹ ናቸው።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሦስቱን ለየብቻ አናግሬ የትራክተሩን ነገር ነገርኋቸው። አያቴ “ይርከስ። ከሚጠፋ ይርከስ” አሉ። የቀሩት ሁለቱም በየበኩላቸው ከዚህ ያልራቀ ነገር ተናገሩ። ሦስቱም በተማሩት ፊደል በገዛ እጃቸው ፈርመዋል፤ አያቴ አያ አዛናው እንዳይሰሙ፣ አያ አዛናው እማማ አሰበች እንዳይሰሙ፣ እማማ አሰበች አያቴ እንዳይሰሙ አስምለውኛል። የፊርማው ወረቀት በሦስት የታጠፈው ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ምላሽዎን በሦስት የተለያዩ ፖስታዎች እንዲልኩልን አመለክታለሁ። ለእኔ አራተኛ አያስፈልገኝም፤ ለመፈረም እንጂ ደብዳቤ ለማንበብ ገና ስላልደረሱ ሦስቱንም የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ትራክተሩን እየጠበቅሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

አይናዲስ ማሩ
(ፊርማ)