ወደ ቀኝ እምቢ ያለችው መኪናችን

አስማማው፣

ቢሮ ልኮኝ ቶንጎ ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ።

ትልልቆቹን ጎማዎች ገጠምኳቸው። «መጀመሪያ ለካ» ብለኸኝ ነበር። እሺ፣ ብለኸኛል። ግን ክልላችን ገና አዲስ ነው፤ ቢሮ እንጂ መንገድ አልደረሰውም። ጭቃውን የሚችለው ግዙፍ ጎማ ነው ብዬ ዓይኔ ያረፈበትን ገዛሁ።

መኪናችን ቆማ ስትታይ ሚኒስትር የሚሄድባት ትመስላለች።

ችግሩ ስትታጠፍ ነው። ወደ ግራ እሺ ትላለች። ወደ ቀኝ ስጠመዝዛት ግን ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይዞ አይለቅም። ያንን ፓራፋንጎ ከማንጎ ዛፍ ጋር አጋጭቶ ያጣመመው ማን እንደሆነ አላነሳም።

የግቢያችን በር በቀኝ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሞተር ካስነሳሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በግራ ወጣሁ።

በግራ ያለው ሽንት ቤታችን ነው።

ጉድጓዱን ጎማዎቹ ሳይሰማቸው አለፉት። የቀርከሃው ግድግዳ ግን የለም። ስንት እሁድ እንደለፋህበት አውቃለሁ፤ ስመለስ እናወራለን።

ለጊዜው ብርድ ልብሴን በመንገዱ በኩል ሰቅዬልሃለሁ፤ ነፋስ ሲነሳ ጫፉን ያዝ። ጎረቤታችን እትዬ ጤናዬ ሲያልፉ ሰላም ካሉህ ግን፣ አደራህን፣ ለአክብሮት ብለህ እንዳትነሳ።

ስለሺ